«አልገባኝም» ባዩ ወፍጮ

ሃሃሃሃ... ቆዩ፣ ቆዩ፣ ሳቄ ይብረድልኝ። ጦጢት አፏን ዱቄት ሞልቶት ዓይኗ ሲጉረጠረጥ ታየኝና ነው። እዚያ ገና አልደረስንም፤ እሱ ኋላ ይመጣል። ከሱም ኋላ ደግሞ የሚብስ አለ፤ አህያዋ ለጅቡ የመለሰችለት መልስ። ዋናው እሱ ነው። ያንን ሳይሰማ የሚነሳ ካለ፣ ከዛሬ ወዲያ አክስት አለችኝ አይበል።

ነገሩን ያመጣችው የወንድሜ ልጅ ትርሲት ናት። ኮምፒውተር ትማራለች። ትናንት ፊቷን ቅጭም አድርጋ ገባች።

«ምን ሆንሽ፣ ማን ነካብኝ?» አልኳት።

«ኮምፒውተሩ ነዋ፣ እቴቴ። ያዘዝኩትን እንቢ ይለኛል። ሲንታክስ ተሳስተሻል ይለኛል።»

«ሲንታክስ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም እኮ። የቃል አሰላለፍ ማለት ነው። በሰዋስውም አለ፣ በኮምፒውተርም አለ። ቃሉ ሁሉ ደህና ሆኖ ቦታው ከተዛነፈ ነገሩ ይበላሻል።»

እኔ እንግዲህ ትምህርት ቤትን የማውቀው ከአጥሩ በኩል ነው። ይሄን ግን አውቀዋለሁ። «ጅብ አህያ በላ» በሏት ለጎረቤት፣ «ወይ ጉድ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። «አህያ ጅብ በላ» በሏት፣ ነጠላዋን ሳትደርብ ወጥታ ትሮጣለች። ሦስቱም ቃል ያው ናቸው። አንድ አልተጨመረ፣ አንድ አልተነሳ። ቦታ ብቻ ተለዋወጡ፣ አገር ተገለበጠ። እናም ትርሲትን «ልጄ፣ ይሄማ የአባ ማንደፍሮ ወፍጮ ነው፤ ቁጭ በይ» አልኳት። እናንተም ቁጭ በሉ። ጆሮ ያለው በጆሮው፣ ጆሮ የሌለው በጎረቤቱ ጆሮ ይስማ።

ድሮ ነው አሉ። ድንጋይ ሲናገር፣ ዓሣ ሲመርቅ፣ ጅብና ፍየል በአንድ መንደር ሲኖሩ። አንድ ወንዝ ነበረ። ከወንዙ ዳር አንድ የውሃ ወፍጮ ነበረ። የወፍጮው ጌታ አባ ማንደፍሮ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወፍጮው የሚሠራው በእጅ አይደለም፣ በቃል ነው። አባ ማንደፍሮ ያዝዛሉ፣ ወፍጮው ይሠራል። አይቆጣም፣ አያዝንም፣ አይገምትም። የሚችለውን ነገር ካዘዙት፣ ቤቱ ቢፈርስም ያደርገዋል። የማይችለውን ካዘዙት ደግሞ፣ በዚያ በሻካራ ድምፁ አንዲት ነገር ብቻ ይላል፦

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው።»

ትእዛዝ በእንጥልጥል ካልተዉበት በቀር ሌላ ቃል አያውቅም። ቢለምኑት «አልገባኝም። ከመጀመሪያው።» ቢሰድቡት «አልገባኝም። ከመጀመሪያው።» አንዳንድ ባል እንደዚህ ነው፤ ተዉት።

በዚያ ዓመት አንበጣ መጣና ሣሩንም ቅጠሉንም ላጨው። መንደሩ ተራበ። በዚያው ሰሞን እመት ፍየሊት ወለደች፤ ሦስት ግልገል። ሦስቱም እንደ አውራ ጣት የቀጠኑ። ጡቷን ይስቡታል፣ ጠብ የሚል የለም። ሳቡ፣ ሳቡ፣ በሦስተኛው ቀን መሳቡም ደከማቸው፣ ተኙ። ለመጮኽ እንኳ ተራ ገቡ፤ አንዱ ሲጮኽ ሁለቱ ያርፋሉ።

አራስ ባዶ ሆዷን አታድርም ተብሎ መንደርተኛው ተሯሯጠ። ጎተራው ተጠረገ፣ ስንጥቁ ተቧጠጠ፣ ሦስት ቁና ገብስ ተገኘ። ከሦስት ቁና ሌላ በአገር የለም። ለእመት ፍየሊት በጥሬው ሰጧት። መንጋጋዋ ዝሏል፣ ማላመጥ አቃታት፤ ተፋችው።

«ተፈጭቶ አጥሚት ቢሆንልኝ እጠጣው ነበር» አለች። «አጥሚት ከጠጣሁ ወተቴ ይመለሳል። ግን ቶሎ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጡት ካልጠጡ ልጆቼ አያድሩም።»

ማን ይፍጨው? አባ ማንደፍሮ የሉም። ማዶ አገር ለቅሶ ሄደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ ለማንም አልተናገሩም።

«እኛ እናስፈጨዋለን» አለ አያ ጅቦ።

አያ ጅቦ ደግሞ ለፍየል ልጆች ምን አስጨነቀው ትሉኛላችሁ። አልዋሽም፣ ተጨንቋል። ጦጢትም ይሄንኑ ጠይቃዋለች።

«አያ ጅቦ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አዛኝ የሆንከው?»

«ልጆች እኮ ናቸው፣ እመት ጦጢት። ማደግ አለባቸው። መወፈርም አለባቸው። አሁን ምናቸው ይበላል?» ብሎ ከንፈሩን ላሰ።

ሦስቱን ቁና ተሸክመው ወፍጮው ቤት ሄዱ። አያ ጅቦ ከፊት፣ እመት ጦጢት ከኋላ። እመት አህዪት እዚያው ደጅ ላይ ቆማ አገኟት። የአባ ማንደፍሮ አህያ ናት። ጭነት ይዛ መጥታ፣ እህሉ እስኪፈጭ በር ላይ ቆማ፣ ዱቄት ይዛ የምትሄድ። ስትቆም ጠዋት ነው፣ ስትሄድ ማታ ነው። በየቀኑ እንዲያ ስትቆም ስንት ዓመቷ።

«እኔ እኮ...» አለች እመት አህዪት።

«አንቺ ዝም በይ» አላት አያ ጅቦ። «አህያ ከመቼ ወዲህ ነው አማካሪ የሆነው?»

መጀመሪያ አያ ጅቦ ገባ። ደረቱን ነፋ።

«አንተ ወፍጮ፣ ፍጭ።»

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው።»

«ፍጭ አልኩህ፣ ደንቆሮ።»

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው።»

አያ ጅቦ ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ወፍጮው በዚያው ድምፁ መለሰ። ጦጢት ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«ደንቆሮ አይደለም እኮ፣ አያ ጅቦ። ስለጮህክበት ውሃ አይከፈት፣ ድንጋይ አይነሳ። ፍጭ ሲባል በምን ይፍጭ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ቃሎቹንስ ያውቃቸዋል። ቁጥቋጦ ሥር አድፍጦ አህያዋን ሲጠብቅ፣ አባ ማንደፍሮ ሲያዙ ስንቴ ሰምቷል። የሰማው ግን በተራበ ጆሮ ነው፤ ዓይኑ አህያዋ ላይ ነበረ። ቃሉን ይዟል፣ ተራውን ጥሏል። አንዱን ቁና አስጠጋና እንደመጣለት አወረደው።

«ውሃህን ክፈት። ድንጋይህን አንሳ። እህልህን ጉረስ።»

ወፍጮው የሚቻል ነገር ነው ብሎ ሠራው። ውሃው ተከፈተ፤ የላይኛው ድንጋይ ባዶውን እንደ እብድ ዞረ። ድንጋዩ እየዞረ ተነሳ። እህሉ እየዞረ በተነሳው ድንጋይ ላይ ገባ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ገብሱ እንደ በረዶ ወረደባቸው። አያ ጅቦን አፍንጫው ላይ፣ ጦጢትን ግንባሯ ላይ፤ ሌላው በመስኮት ወጥቶ ወንዝ ውስጥ።

«በቃ፣ ተው» አለ አያ ጅቦ አፍንጫውን ይዞ።

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው።»

«ተው ስልህ ተው እንጂ።»

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው።»

ጦጢት ከቋሚው ላይ ተንጠልጥላ «ውሃህን ዝጋ» አለች። ዘጋ። ፀጥ አለ። አንዲት ፍሬ ግን አልቀረችም።

ከወንዙ አንድ ዓሣ ራሱን ብቅ አደረገና፣ «እግዜር ይስጥልን፤ ቤታችሁ አይጉደል» አለ።

አንድ ቁና ሄደ።

አሁን ጦጢት ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ተንጎራደደች።

«አያችሁ? በእኔ ቃል ነው የቆመው። ይሄ ወፍጮ የሚፈልገው ጩኸት ሳይሆን ጭንቅላት ነው። ዘወር በል፣ አያ ጅቦ፤ ብልህ ስትሠራ እይ።»

ጦጢት ቃሉን ከየት አገኘችው? በየማታው፣ ወፍጮው ሲያበቃ እየመጣች፣ የተራገፈ ዱቄት ትልሳለች። ስለዚህ የመጨረሻውን ታውቃለች። መጀመሪያውን ሰምታው አታውቅም፤ ዱቄት የሌለበት ሰዓት ላይ ምን ትሠራለች። ይሁን እንጂ እውነት ለመናገር ጭንቅላት አላት። አያ ጅቦ ሲሳሳት አይታ፣ የጎደለውን በሐሳቧ ሞላችው።

«እኔ እኮ መጀመሪያውን...» አለች እመት አህዪት ከደጅ።

«መጀመሪያውንማ እኔው አወጣዋለሁ» አለች ጦጢት። «አንቺ ዝንብሽን አባሪ።»

ገባች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«የወፍጮዎች ሁሉ አለቃ፣ የዱቄት አባት፣ ነጭ ጸጉር የማታረጅ፣ እባክህ ለምስኪኗ አራስ ስትል...»

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው።»

«ውዳሴም አይወድ?» አለችና ወደ ቁም ነገሯ ገባች። ሁለተኛውን ቁና አስጠጋች። «ድንጋይህን አንሳ።» አነሳ። «እህልህን ጉረስ።» ጎረሰ። «ድንጋይህን አውርድ።» አወረደ። አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ያያል። አንዲት ፍሬ አልፈሰሰችም። ይቺ ጦጣ ሊሳካላት ነው።

ግን ምን ሆነ? ጦጢት በየማታው ለዱቄት የምትመጣ ናት ብያችኋለሁ። ዓይኗ ቋቱ ላይ ተተከለ። ቋት ማለት፣ ዱቄቱ የሚጠራቀምበት፣ ከታች መክደኛ ያለው፣ ከሥሩ ደግሞ የውሃው ቦይ የሚፈስበት። ዱቄቱ ሲወርድ ቀድማ በአፏ ልትቀበል ፈለገች። ሮጣ ከቋቱ ሥር ገባችና አፏን ወደ ላይ ከፍታ፣

«ቋትህን ክፈት። ውሃህን ክፈት» አለች።

አንዲት ቃል ብቻ። መጨረሻ መምጣት የነበረባት አንዲት ቃል አንድ እርምጃ ቀድማ ገባች።

ወፍጮው ቋቱን ከፈተ። ከዚያ ውሃውን ከፈተ። ድንጋዩ ዞረ፣ ገብሱ ተፈጨ። እንዴት ያለ ዱቄት መሰላችሁ፣ እንደ ደመና የላመ። ያ ሁሉ የላመ ዱቄት በተከፈተው ቋት ቁልቁል ወረደ፤ ሩቡ ጦጢት አፍ ውስጥ፣ የቀረው ቦይ ውስጥ። ጦጢት «ውሃህን ዝጋ» ልትል ነው። አፏ ሞልቷል። «ው... ው... ፉፍ» ትላለች። ዓይኗ ሊወጣ ደረሰ። ይሄ ነው ቅድም ያሳቀኝ። ብልሃቷ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል፣ መዝጊያውም ቃል እዚያው ከዱቄቱ ሥር ተቀብሯል።

«ምን ትላለች?» አለ አያ ጅቦ። «ጣፈጠኝ ነው የምትለው?»

በዚህ ጊዜ እመት አህዪት አንገቷን በበሩ አስገብታ፣ «እህ፣ እህ፣ እህ» ብላ ሦስት ጊዜ ሳለች።

«ጉንፋንሽን ሌላ ቀን ታመሚ» ብሎ አያ ጅቦ ገፍቶ አስወጣት።

ጦጢት ውጣ፣ ተፍታ፣ አስነጥሳ፣ «ውሃህን ዝጋ» እስክትል ድረስ ቁናው አለቀ። ወንዙ እንደ ወተት ነጥቶ ወረደ። ዓሣው በዚህ ጊዜ ሚስቱንም ይዞ መጣ።

«እግዜር ይስጥልን። የትናንቱ ጥሬ ነበር ሳንላችሁ ፈጭታችሁ አመጣችሁልን።»

«የትናንቱ አይደለም፣ የአሁኑ ነው» አለ አያ ጅቦ በንዴት።

«ለእኛ ከጠገቡ በኋላ ሁሉም ትናንት ነው» አለች የዓሣው ሚስት።

ሁለት ቁና ሄደ። አንድ ቀረ። ፀሐይዋ ደግሞ ኮረብታው ላይ ተቀምጣለች። ከመንደር የግልገሎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በተራ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሁን ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚሰሙት።

ከጦጢት ቅንድብ ዱቄት ይረግፋል። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«እመት አህዪት» አለች ጦጢት ለስለስ ብላ። «ቅድም ለምን ነበር የሳልሽው?»

«ልነግራችሁ ነበር። ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ ብዬ።»

«ሳል ምን ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጌታዬ ጠዋት ሲገቡ ሦስቴ ይስላሉ። ከዚያ ሰላም ይላሉ። ከዚያ ያዝዛሉ። እኔ ነገሩን በሰማሁበት ተራ ካላልኩት አይመጣልኝም። ከመሐል ጀምሪ ብትሉኝ ጨለማ ነው።»

«ተራውን ሙሉውን ታውቂዋለሽ?»

«ጠዋት መጥቼ ማታ የምሄድ እኔ ብቻ ነኝ እኮ። አያ ጅቦ ሲሰማ ልቡ ሌላ ጋ ነው። አንቺ የምትመጪው ሲያልቅ ነው። እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ እቆማለሁ፣ እሰማለሁ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?» አለ አያ ጅቦ።

እመት አህዪት አየችው ብቻ። እሱም መሬት መሬት አየ።

«እገባለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር አለ። እኔ ስናገር ማንም ቃል እንዳይናገር። ወፍጮው ቤት ውስጥ የተነገረውን ሁሉ ይሰማል። ደግሞ አያ ጅቦ ስድስት ክንድ ይራቅልኝ፤ ምራቁ ሰኮናዬ ላይ እየተንጠባጠበ ቃል አይወጣኝም።»

«ሦስት ክንድ» አለ አያ ጅቦ።

«ስድስት።»

አያ ጅቦ ስድስት ክንድ ራቀ። ምራቁን ዋጠ።

እመት አህዪት ገባች። አንድ ቁና ከፊቷ፣ አንድ ጅብ ከኋላዋ።

«እህ፣ እህ፣ እህ። እንደምን አደርክ፣ ወፍጮዬ።»

«ማታ እኮ ነው» አለች ጦጢት በሹክሹክታ። አያ ጅቦ ገላመጣት።

«ቋትህን ዝጋ።» ዘጋ። «ድንጋይህን አንሳ።» አነሳ። «እህልህን ጉረስ።» ጎረሰ። የመጨረሻው ቁና ገባ። ጦጢት ልቧ አልቻለም። ብልህ ሰው ዝም በል ሲሉት ሆዱ ይነፋል፤ የማውቃቸው አሉ። ፀሐይዋን አየች፣ ድምፁን ሰማች፤ አሁን አንዱ ግልገል ብቻ ነው የሚጮኸው። ከአፏ አመለጣት፦

«ውሃህን...»

አያ ጅቦ ዘሎ አፏን በመዳፉ ያዘው። ወፍጮው ውሃውን የያዘችው ሳንቃ ላይ ሲጥ ብሎ ቆመ።

«ውሃዬን ምን?» አለ።

ድንጋዩ ተነስቷል፣ እህሉ አፉ ውስጥ ነው። «ክፈት» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር፣ የመጨረሻው ቁና እንደ መጀመሪያው በመስኮት ይወጣል። ዓሣው ታች አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጦጢት ከመዳፉ ሥር ዓይኗን ጨፍናለች።

«ውሃዬን ምን?»

ዝም።

ወፍጮው ጠበቀ፣ ጠበቀና፣ ገብሱን ከአፉ መልሶ ቁናው ላይ ተፋው። ድንጋዩን አወረደ።

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው።»

እነሆ ቅድም ያበሳጫቸው ቃል አሁን አተረፋቸው። አያ ጅቦ ጦጢትን አፏን እንደያዘ ጭኑ ሥር አስቀመጣት። አህዪት ደግሞ አልተቆጣችም። ከመጀመሪያው ማለት ለሷ ውርደት አይደለም፣ መንገዷ ነው።

«እህ፣ እህ፣ እህ። እንደምን አደርክ፣ ወፍጮዬ። ቋትህን ዝጋ። ድንጋይህን አንሳ። እህልህን ጉረስ። ድንጋይህን አውርድ። ውሃህን ክፈት።»

ድንጋዩ ዞረ። እህሉ ተፈጨ። ቋቱ ሞላ። የላመ ዱቄት ሸተተ። የቀሩት ሁለት ቃል ብቻ ናቸው።

አህዪት ዝም አለች።

ዘወር ብላ አያ ጅቦን አየችው። አያ ጅቦ የሚያየው ቋቱን አይደለም፤ ሽንጧን ነው። ገባት። እስካሁን የተጠበቀችው ለቃሏ ነው። ቃሏ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች። እነዚያን ሁለት ቃላት ብትይዛቸው ትኖራለች። ግን ቋቱ ሞልቷል፤ ትንሽ ቢቆይ ዱቄቱ ከአፉ ተርፎ ወደ ቦዩ ይፈሳል። ከመንደር ደግሞ የሚሰማ የለም። የመጨረሻውም ግልገል ዝም ብሏል።

«ውሃህን ዝጋ» አለች። «ቋትህን ክፈት።»

ጦጢት ከአያ ጅቦ መዳፍ አምልጣ፣ ስልቻ ይዛ ከቋቱ ሥር ቆማ ነበር። በዚህ ጊዜ አፏን አልከፈተችም። ዱቄቱን ሞልታ፣ ስልቻውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ወደ እመት ፍየሊት በረረች።

ወፍጮው ቤት የቀሩት ሁለት ናቸው።

«እንግዲህ፣ እመት አህዪት» አለ አያ ጅቦ በሩን በጀርባው ዘግቶ። «ውለታሽን አልረሳም። ስበላሽ ቀስ ብዬ ነው።»

በዚህ መሐል ከደጅ «እህ፣ እህ፣ እህ» የሚል ተሰማ።

አያ ጅቦ ሳቀ። «ሳልሽን ለምጀዋለሁ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ሰማሁት።»

«እኔ አልሳልኩም» አለች።

«አታታልይኝ። እኔ የምፈራ መሰለሽ?»

«እንደምን አደርክ፣ ወፍጮዬ» አለ ድምፁ ከደጅ። በሩ ተገፋ። አባ ማንደፍሮ ናቸው፤ ከለቅሶ መመለሳቸው ነው፣ ዱላቸውን ይዘው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የኛው ደግሞ ወገቡን ለዱላ አስነከሰ። አንድ ሲሉት በሩ ጠፋው፣ ሁለት ሲሉት መስኮቱ ጠበበው፣ ሦስት ሲሉት ገብሱ በሄደበት መንገድ ወንዝ ውስጥ ገባ። ዓሣዎቹ «ይሄን ግን አንበላም» ብለው ሸሹት።

እመት ፍየሊት አጥሚቱን ጠጣች፤ በዋንጫ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፀሐይዋ ጫፏ ብቻ ሲቀር ጡቷ ሞቀ፣ ወተቱ ጠብ አለ። ጦጢት የግልገሎቹን አፍ አንድ በአንድ ከፍታ ጡቱን አስጎረሰቻቸው። አንዱ ዋጠ። ሁለተኛው ዋጠ። ሦስተኛው ቆየ፣ ቆየ፣ ጅራቱን አንዴ ነቀነቀ። ከዚያማ ሦስቱም አንድ ላይ ጮኹ። ተራ የለ፣ ምን የለ። ለልቅሶ ደግሞ ተራ ምን ያደርጋል።

በማግስቱ ጦጢት ወፍጮ ቤት ሄዳ አባ ማንደፍሮን ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ሳሉ ግን ከትእዛዙ ነው?»

«ሳሉማ የዕድሜዬ ነው፣ ልጄ» አሏት። «ወፍጮው ምን ቸገረው።»

ጦጢት ግን አላመነችም። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ነገር ልታዝዝ ስትል ሦስቴ ትስላለች። ትርሲት ይሄን ስትሰማ «የኔም አስተማሪ ኮምፒውተሩን ሊያዙ ሲሉ እንደሷ ይስላሉ» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ልጆቼ፣ ምን ለማለት ነው። ቃል እንደ ሠርግ ነው። ሽማግሌው ቀድሞ፣ ሙሽራው ተከትሎ ከመጣ ሠርግ ነው። ሙሽራው ከሽማግሌው ቀድሞ ከመጣ ግን፣ ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ፈረሱም ያው ነው፣ ነገሩ ጠለፋ ይሆናል። የሚያውቀው ቃል የበዛ ሰው አይደለም ወፍጮ የሚያስፈጨው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ተራውን የሰማ ነው።

አሁን ያልኳችሁ መጣ። በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ፣ ወገቡን በቅጠል አስሮ፣ ከወንዙ ማዶ ኮረብታ ላይ ወጣ። አህዪት ከወዲህ ማዶ፣ ወፍጮው ደጅ ላይ ቆማለች። አባ ማንደፍሮ ከዱላቸው ጋር አጠገቧ ተቀምጠዋል። ጦጢት ጣራው ላይ ናት፤ ለመንገደኛው ሁሉ «አህያ ጅብ በላች፣ ሰማችሁ?» እያለች ታወራለች። አያ ጅቦ ይሄንን ሰምቶ አበደ። ኮረብታው እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«አንቺ አህያ፣ ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን ጭለማ ላይ አገኝሻለሁ፣ ከጆሮሽ እስከ ጅራትሽ እበላሻለሁ፣ አጥንትሽን እንኳ አልተውም፣ ገባሽ?»

እመት አህዪት ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ዝንቧን አባረረች። ሦስት ጊዜ ሳለች፣ ድምፅዋንም እንደ ድንጋይ አሻክራ መለሰችለት፦

«አልገባኝም፣ አያ ጅቦ። ከመጀመሪያው።»